ያስታመመችው እሷ፣ ቤቱ የሁሉም፦ ስለ ውርስ የተከፈተ አንድ ክርና መልሶቹ

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈውን ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ የከፈተችው አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጥያቄዋ አጭር ነው። እናቱን ለዓመታት ያስታመመ ልጅ ከሌሎቹ የበለጠ መውረስ የለበትም ወይ?

አራት ናቸው። ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ እሷ እናቷ ቤት። እናትየው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ሲወድቁ ሥራዋን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ማገላበጡም፣ ማጠቡም፣ ማጉረሱም የእሷ ሆነ። እናት አረፉ። አርባቸው በወጣ ሳምንት ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድሟ ደወለና ቤቱ ተሽጦ ለአራት እንዲከፈል ነገራት። እሷ ደግሞ ሁለት ነገር በእጇ አለ። አንደኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ እናትየው በነፍስ አባታቸውና በሁለት ጎረቤቶች ፊት ቤቱ የእሷ እንዲሆን ተናግረዋል። ሁለተኛው አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ነው፤ የመድኃኒት፣ የላቦራቶሪ፣ የኦክስጅን ኪራይ፣ ቀለሙ የለቀቀውም ጭምር።

ከመልስ 1 እስከ 4 ያለው ነፍስ ይማርና አይዞሽ ነው። ያስታመመ ይውረስ የሚለው ሐሳብ በአራቱም አለ። 3ኛዋ ከቤቱ ንቅንቅ እንዳትይ ብላ መከረቻት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ከእሷ ጋር ነው።

መልስ 5 ላይ አንድ የሕግ ሰው ገባ። ትሕትናው ጥሩ ነው፤ ወሬው ግን ቀዝቃዛ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች እንደሆኑና ድርሻቸውም እኩል እንደሆነ ይደነግጋል። ያስታመመ፣ ያላስታመመ የሚል ነገር የለበትም። ወንድ፣ ሴት፣ ታላቅ፣ ታናሽ አይልም። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ብሎም አይለይም። ሟች ልጃቸውን ማስበለጥ ከፈለጉ መንገዱ ኑዛዜ ነበር፤ እሱም ፎርሙን የጠበቀ።

6ኛው መላሽ በዚህ ተናደደ። የጥራዝ ሕግ ይዘህ መጥተህ ልጅቷን አታሳዝናት ዓይነት ነው። እኔ ግን 5ኛው ባይመጣ ኖሮ ክሩ እስከ መጨረሻው የሐዘን መግለጫ ሆኖ ይቀር ነበር እላለሁ።

መልስ 7 በቀጥታ የቃል ኑዛዜው ላይ ሄደ። የቃል ኑዛዜ በሕጉ አለ፤ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። የሚያዝበት ነገር ግን ጠባብ ነው። ሟቹ ስለ ቀብሩ ሥነ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትነትና አሳዳሪነት፣ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ መናገር ይችላል። በቃ። ቤት በቃል አይተላለፍም። ሟቹ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ያችው የቃል ኑዛዜም ትፈርሳለች። 500 ብር ሕጉ ሲወጣ የወግ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ቁርጥ አይገዛም። ቁጥሩ ግን ሕጉ ውስጥ እንዳለ ነው። ስንት ሰው ነው አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው ቃል ቤት ያስተላልፋል ብሎ አምኖ የሞተው።

በመልስ 8 አንዲት ሴት የአክስቷን ነገር አመጣች። አክስትየው ፊደል የቆጠሩ ሰው ነበሩ። በእጃቸው ጽፈው፣ ቀን አድርገው፣ ፈርመው ዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት። ሲሞቱ ወረቀቱ ተገኘ፤ ቤተሰቡም ደስ አለው። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ወረቀቱ ዕድሜው አልፏል። 9ኛው ምክንያቱን አብራራ። በተናዛዡ በራሱ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። ዳዊት ውስጥ መቀመጡ አይቆጠርም።

10ኛው እዚያው ላይ ጨመረ። ጽሑፍ የማይችል ሰው ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ያኔ በአራት ምስክሮችና በተናዛዡ ፊት መነበብና ይኸው መነበቡ ወረቀቱ ላይ መገለጽ አለበት፤ ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ሰፈር ውስጥ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር ቤት ሄዶ አጽፎ፣ ሽማግሌዋን አሻራ አስነክቶ፣ ሁለት ሰው አስፈርሞ መመለስ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ተቃዋሚ ወገን ሲያየው ፈገግ ይላል።

እስከ 10 ድረስ ወጉ ጨዋ ነበር። መልስ 11 ለወጠው።

ጸሐፊው ዲያስፖራ ነው። የልጅቷ ወንድም አይደለም፤ ግን የወንድምየው ቁስል የራሱ ነው። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር እየሠራ በየወሩ ሲልክ ኖሯል። የእናቱ ዳይፐር ሳይቀር በሰው ሻንጣ የሄደው ከእሱ ነው። ቀብር አልደረሰም፤ ወረቀቱ ስላላለቀ ከአሜሪካ መውጣት አይችልም ነበር። አሁን አገር ቤት ያለችው እህቱ አስታመምኩ ስትል ያመዋል። ከዚያ ነገሩን ወደ ልጅቷ አዞረው። ያለ ኪራይ የኖረችበትን ዘመን ማን ያስላው? ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የለም ወይ? ኪራዩን ማን ሲሰበስብ ኖረ?

12ኛዋ እሳት ሆነች። ዶላር መላክና ሌሊት ተነስቶ የቁስል ጨርቅ መለወጥ አንድ እንዳልሆነ ጻፈች። 13ኛው ለዲያስፖራው አግዞ ገባ፤ ስድብም አከለበት። እሱን አልፈዋለሁ።

መልስ 14 የልጅቷ ነው። አዎ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቷል። ኪራዩ ለአጋዥ አስታማሚ ደመወዝና ለመብራት ለውሃ ነበር የሚሄደው። ወንድሟ የላከውን አልካደችም፤ መጠኑንም ታውቃለች፤ እናትየው የላከላቸውን በደብተር እየጻፉ ያስቀምጡ ነበር። ይቺ መልስ በጣም ደስ አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰርቪሱን ይደብቀው ነበር።

እዚህ ላይ 5ኛው ተመልሶ ሁለቱንም ወገን የማያስደስት ነገር ጻፈ። ልጅ ለእናቱ የላከው ገንዘብ ብድር መሆኑ በማስረጃ ካልታየ በስተቀር እርዳታ ነው፤ ቤቱ ላይ ድርሻ አይጨምርም። እናቱን ያስታመመችም ለድካሟ ድርሻ አይጨመርላትም። እናትየው እስኪያርፉ የተሰበሰበው ኪራይ የእሳቸው ገንዘብ ነው፤ ካረፉበት ቀን ወዲህ ያለው ግን የወራሾች ሁሉ ስለሆነ ከዛሬ ጀምራ ሒሳቡን ትያዝ። ፌስታሉን ግን አትጣል። ከውርሱ ሀብት ላይ መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። ከራሷ ኪስ አውጥታ የከፈለችው በብድር ወይም በዕዳ መልክ ከቀረበ የውርስ አጣሪው፣ የሟችን ሀብትና ዕዳ የሚለየው ሰው፣ ያየዋል። ይታይልሻል እንጂ ይሰጥሻል አላላትም።

መልስ 15 አንድ መስመር ነው። ካርታው በማን ስም ነው?

ይሄን ጊዜ ሁሉም ስለ እናት ሲያወራ አባትየውን ማንም አላነሳም ነበር። በ16 ልጅቷ መለሰች። ካርታው አሁንም በአባቷ ስም ነው። አባቷ በ1999 ዓ.ም. ነው ያረፉት፤ እናቷ ስላሉ ወራሽነት ያወጣ፣ ስም ያዛወረ የለም። አንድ ነገር ደግሞ አለ። አባቷ ከጋብቻቸው በፊት አሰላ የወለዱት ልጅ አላቸው።

ክሩ እዚህ ጋ ሌላ ክር ሆነ። ይሄ እኮ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የከተማው ግማሽ እንዲህ ነው። አባት ይሞታል። እናት ቤት ውስጥ እያለች ወራሽነት ማውጣት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ እናቱን በቁሟ ሊወርሳት ነው ይባላል። ሃያ ዓመት ያልፋል። እናት ስትሞት ሁለት ሞት፣ ሁለት ውርስ ተደራርቦ ይጠብቃል።

17ኛው ሒሳቡን ሠራው። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ መጀመሪያውኑ የእናት ነው፤ ይሄ ውርስ አይባልም፣ የጋራ ሀብት ክፍፍል ነው። የአባት ግማሽ ለአምስቱ ልጆቹ እኩል ይደርሳል። የእናት ግማሽ ደግሞ ለአራቱ ልጆቿ ብቻ። ስለዚህ የአሰላው ልጅ ከጠቅላላው 10 በመቶ፣ አራቱ እያንዳንዳቸው 22.5 በመቶ። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ እሱ 1 ሚሊዮን፣ እነሱ 2 ሚሊዮን ከ250 ሺህ። ለአራት እንካፈል የሚለው ወንድምም፣ ሁሉም የእኔ ነው የምትለው እህትም ሳያስቡት የአምስተኛውን ድርሻ እያካፈሉ ነበር።

18ኛው ደስ ብሎት መጣ። ይርጋ አለ! የውርስ ሀብት ይገባኛል የሚል ሰው መብቱን ካወቀና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ከተረዳ በሦስት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ ደግሞ 15 ዓመት ካለፈ ፈጽሞ አይቻልም፤ አንቀጽ 1000። ከ1999 ወዲህ 15 ዓመት አልፏል፤ ስለዚህ የአሰላው ልጅ ባዶ እጁን ይሄዳል። አንድ ሰው በወራሾች መካከል ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ፣ ይርጋን ደግሞ ተከራካሪው ራሱ ካላነሳው ፍርድ ቤት እንደማያነሳው አስገነዘበ። ማለትም ማንሳትና አለማንሳት የእነሱ ምርጫ ነው።

19ኛዋ በዚህ ላይ የጻፈችው ከሁሉም የሰላ ነው። ልጅቷ ሕጉ ጨካኝ ነው፣ ልፋቴን አላየልኝም ብላ ነው የመጣችው። አሁን ያንኑ ሕግ አባት አንድ በሆነ ወንድሟ ላይ ሰዓት አስቆጥራ ልትመዝበት ነው? ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ሲባል የአሰላውን አይጨምርም ወይ? 18ኛው መልሶ ስሜታዊ አትሁኚ አላት። እሷም መልሳ አልመለሰችለትም፤ ጥሩ አደረገች።

መልስ 20 ሌላ በር ከፈተ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባልየው ከቀድሞ ትዳር ልጆች አሉት። ቀብር ማግስት ልቀቂ አሏት። ሰዉ ሚስት ወራሽ ናት ብሎ ያስባል፤ በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። የምታገኘው የጋራውን ሀብት ግማሽ ነው። ቤቱ ባልየው ከጋብቻ በፊት የገዛው የግል ሀብቱ ከሆነማ ከቤቱ ላይ ምንም የላትም። ይሄን ሲያነብ የደነገጠ ብዙ ነው፤ አሥር ያህል ሰው ሥሯ ውሸት ነው እያለ ጻፈ። ውሸት አይደለም። ያገባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከባላችሁ ጋር አውሩበት።

21ኛው ከደሴ ነው። እነሱ ቤት ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት አለቀ። ሚስት ልጆች ስላሉ አንድ ስምንተኛ አገኘች፤ ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ወሰደ። ኑዛዜም ከሲሶ በላይ አይሄድም። በአንድ ወር ተጨረሰ፣ ማንም ከማንም አልተኳረፈም ነው የሚለው። 22ኛዋ፣ ሙስሊም ናት፣ ያልተኳረፉት እህቶቹን ስለጠየቃቸው ነው ወይስ ዝም ስላሉ አለችው። 23ኛው ሃይማኖት አትንኪ ብሎ ተነሳ። እውነቱ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ያስቀመጠው ነው። በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ አንዱ ወገን አልፈቅድም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። 24ኛ ላይ አድሚኑ ገብቶ ስለ ሃይማኖት የሚጽፍ ካለ እንደሚያግደው አስታወቀ።

ከ25 እስከ 28 ክሩ ወደ ተስካር ሄደ። ማን በሬ ገዛ፣ ማን ድንኳን ከፈለ፣ እድሩ ስንት ሰጠ። አንዱ እናቱ ስትታመም ሐኪም ቤት ለማስገባት አሥር ሺህ ያጣ ቤተሰብ ለሙት ዓመቷ ሁለት ሰንጋ እንደጣለ ጻፈ። ተበሳጭቶ ነው። ሌላው ሙታንን ማሰብ በጎ ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው መሰለኝ። ከቤቱ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም።

29ኛው ነገሩን መለሰው። አጎቱ በሞቱ በሳምንቱ የአጎቱ ልጅ በሟች ውክልና መኪናዋን ሸጦ አዘዋወረ። የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነው። ውክልና፣ ሰጪው ሲሞት፣ ይፈርሳል፤ ወረቀቱ ሰነዶች ማረጋገጫ ያለፈ፣ ማኅተም ያለበት ቢሆንም ማለት ነው። ሟች በሕይወት ያሉ አስመስሎ መፈረም ደግሞ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወንጀል ይሆናል። ባንክ ያለው ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ስላወቅህ በሞባይል ባንኪንግ ብታወጣው ኋላ ታስረዳለህ።

30ኛዋ ፍርድ ቤት አካባቢ የምትሠራ ትመስላለች፤ የተጻፈው ሁሉ በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ለሁለቱም ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት። ከዚያ ምስክር ይዞ ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ማመልከት፤ የሁለቱም ውርስ ስለሆነ የሁለቱም ወራሽነት ይወጣል። ውጭ ያሉት ውክልና ኤምባሲ ይፈርማሉ፤ እሱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም ሰነዶች ማረጋገጫ መረጋገጥ አለበት። ዜግነት የቀየረው ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ አይርሳ። የወራሽነት ወረቀት ደግሞ ወራሽ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ አያካፍልም። ጠብ ካለ የውርስ አጣሪ ይሾማል፤ ክርክሩም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንድ ነገር በካፒታል ፊደል ጻፍኩት ብላችሁ አስቡ አለች፤ ሌላ ወራሽ የለም ብላችሁ አታስመስክሩ። የአሰላው ልጅ ሳይካተት የወጣ ወረቀት በማመልከት ይሰረዛል፤ የመሰከሩትም ጎረቤቶች በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ።

31ኛው ስለ ሽያጩ ጠቃሚ ነገር ጣለ። ቤቱ የማይከፈል ከሆነ ወይ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ይገዛል፣ ወይ ተስማምተው ገበያ ላይ ይሸጣሉ፣ ወይ በሐራጅ። ሐራጅ የመጨረሻው ነው፤ ዋጋው ከገበያው ያንሳል፣ ገዢውም አስጨንቆ ነው የሚገዛው። ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ አይገባም፤ ሲሸጥ ግን ገዢው ሊዝ ውስጥ ይገባል። ገዢ ይሄንን አስቦ ነው የሚከራከረው። በዚህ መሐል አንዱ የቀበሌ ቤት ይወረሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። በ1967ቱ አዋጅ መንግሥት ከባለቤቶቹ የወሰደው ቤት የመንግሥት ነው፤ ተከራይ ሲሞት አብሮ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ውሉ በስሙ እንዲዞር ያመለክታል እንጂ ውርስ የለውም ተባለ። ሰውየው አመሰግናለሁ እንኳ አላለም።

መልስ 34 ላይ ልጅቷ ተመለሰች። አሰላ ደውላለች። ወንድሟ ለእናትየው ቀብር መጥቶ ቃሬዛ ይዞ ነበር፤ ማን እንደሆነ ያወቀው ጥቂት ሰው ነው። ድርሻዬን እፈልጋለሁ ብሏታል፣ ያለ ኩርፊያ፣ ያለ ልመና። እሷ ይርጋውን ማንሳት አትፈልግም። ሜሪላንድ ያለው ይፈልጋል። አሁን እሷና የአሰላው በአንድ ወገን፣ ታላቅ ወንድሟ በሌላ ወገን ሆነዋል፤ የሐዋሳው ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሽማግሌ ተልኳል። የጠየቀችው ነገር ተለውጧል። ቤቱ ይሸጥ፤ ግን ሥራ እስክትይዝና ቤት እስክትከራይ ጊዜ ይሰጣት፤ የፌስታሉ ደረሰኝም ከሽያጩ ላይ ይታሰብላት። 11ኛው ዲያስፖራ ከሁሉም ቀድሞ መለሰላት። ጥያቄዋ ተገቢ መሆኑን ጻፈ፤ ከዚያ ወረድ ብሎ ኪራዩን ግን ሳትጽፊ እንዳትውዪ ብሎ አሳሰባት። ልማዱን አልተወም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ናቸው። አንዷ ዕጣ የወጣ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ባለቤቱ ቢሞትስ ብላ ጠየቀች፤ የተከለከለው ሽያጭ ስለሆነ ለወራሾች መተላለፉን እንደማይከለክል ነገሯት። ሌላው እህቱ ቤቱን እንድትለቅ መብራት ቢያስቆርጥ ያስጠይቀው እንደሆነ ጠየቀ፤ ሦስት ሰው ተራ በተራ ሰደበው። መልስ 38 የደላላ ነው። የትኛው ክፍለ ከተማ፣ ስንት ካሬ፣ ኮርነር ነው ወይ፣ ገዢ በእጄ አለ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። አድሚኑ ስልኩን አጥፍቶ ክሩን ዘጋው።